መብራት የጠፋበት ፊልም

ቢቸና ውስጥ የፊልሙን መጨረሻ ያየ ሰው አልነበረም። ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ዝም አለ። ይህን የማውቀው አዳራሹ ውስጥ ኖሬ አይደለም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ «የትልቅ ሰው ፊልም ነው» ተብዬ ቤት ቀርቻለሁ። የማውቀው እናቴና ጎረቤታችን እትዬ ስርጉት እስኪመለሱ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ስለጠበቅኋቸው ነው።

የምንኖረው ከከተማው ዳር፣ መምህራንና የጤና ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው ካሠሯቸው ስድስት ቤቶች በአንዱ ነበር። ስድስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ አረንጓዴ በር፣ ሁለት መስኮት፣ ከፊት ጠባብ በረንዳ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ተሳስቼ ሰው ቤት ገብቼ፣ ቦርሳዬን አስቀምጬ፣ ውኃ ጠጥቼ ነው ያወቅሁት። የእኛና የእነ እትዬ ስርጉት ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራል። ግድግዳው ስስ ብሎኬት ስለነበር እትዬ ስርጉትና ባሏ ጋሼ ፍቅረ ሥላሴ የሚነጋገሩት ሁሉ እኛ ዘንድ ይሰማል። እነሱ ደግሞ የማይጨቃጨቁበት ነገር አልነበረም። ስለ ጨው ይጨቃጨቃሉ። መስኮቱን ማን ሳይዘጋው አደረ ብለው ይጨቃጨቃሉ። ከእኛ ቤት ወደ እነሱ የሚያልፍ ድምፅ ግን አልነበረም። እኔም በዚህ እኮራ ነበር። ከስድስቱ ቤቶች ሰላም ያለው የእኛ ነው ብዬ አምን ነበር።

እናቴ አምሳለች አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። አባቴ በላቸው የአፈር ጥበቃ ባለሙያ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ወደ ሞጣ ተዛወረ። ቅዳሜ በአውቶቡስ ይመጣል፣ እሑድ ከሰዓት ይመለሳል። ፊልሙ ቢቸና ከመድረሱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ግን አልመጣም። ደውሎ «መስክ ላይ ነን፤ ቆላ ወርደናል» አለ። እናቴ «እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ፊልሙ የታየው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ሁለቱ ሴቶች ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። እትዬ ስርጉት ገና ከአጥሩ ሳትገባ ታወራለች።

«ሰውየው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ የቤቱን መስኮት ሲያይ፣ ልክ እዚያ ላይ ጠፋ። ባለ ፊልሙም ‹ሞጣ ቅዳሜም እሑድም አሳይተን መብራት ብልጭ እንኳ አላለብንም› እያለ ይቆጣናል፤ መብራቱን እኛ ያጠፋነው ይመስል።»

«ስለ ምንድን ነው ፊልሙ?» አልኩ።

«ስለ ባልና ሚስት» አለች እናቴ ነጠላዋን እያጠፈች።

«ተጣሉ?»

«አልተጣሉም።»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

እናቴ አጥፋ የጨረሰችውን ነጠላ እንደገና ዘረጋችው። «ምንም አልሆኑም» አለች።

እትዬ ስርጉት ሳቀች። «ምንም አልሆኑም ትያታለሽ? ሦስት ትዳር ዓይናችን እያየ ፈረሰ እኮ።»

ምንም ሳይሆን የሚፈርስ ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። ፈረሰ ሲባል የማውቀው የጎርፍ ቀን የፈረሰውን የትምህርት ቤታችንን አጥር ነው፤ እሱ ደግሞ ሲፈርስ ድምፁ ከሩቅ ተሰምቷል። ባለ ፊልሙ በማግስቱ ወደ ደጀን አለፈ። እኔም ፊልሙን ካዩት ሰዎች እየለቀምኩ ደብተር ላይ ልጽፈው ወሰንኩ። በአንድ አሮጌ የሂሳብ ደብተር ጀርባ «ክፍል አንድ» ብዬ ጀመርኩ።

መጀመሪያ እናቴን ያዝኳት። ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«ሦስት ቤቶች አሉ፤ አዲስ አበባ ዳር። ልክ እንደኛ አንድ ዓይነት ቤቶች ናቸው» አለችኝ። «አንደኛዋ ሴት ለባሏ ራት ታቀርባለች። እሱ ቴሌቪዥኑን እያየ ይበላል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ባዶ ሰሃን አቀረበችለት።»

«ከዚያስ?»

«እጁን ወደ ሰሃኑ ሰደደ። ምንም እንደሌለበት እስኪያውቅ ቆየ።»

«ተቆጣ?»

«አልተቆጣም። ‹ምነው?› አላለም። ተነሥቶ እጁን ታጠበ።»

ይህን ጻፍኩ። እጁን ሳይበላ ለምን እንደታጠበ ግን ስላልገባኝ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረግሁበት።

ሐሙስ ዕለት እትዬ ስርጉት ፀጉሬን ስትሠራኝ የሁለተኛዋን ሴት ታሪክ ጠየቅኋት። እትዬ ስርጉት ነርስ ናት፤ ጣቷ ጠንካራ ነው፣ ስታወራ ደግሞ ይብሳል።

«ሁለተኛዋ መማር የምትፈልግ ናት» አለችኝ። «ባሕር ዳር ገብታ ዲግሪዋን ልትይዝ። ባሏ ‹ለከርሞ› ይላታል። ከርሞ ሲደርስ ‹ለከርሞ› ይላታል። ተቀብለንሻል ብለው የላኩላትን ደብዳቤ ፍራሽ ሥር አድርጋ ትተኛበታለች።»

«አይጎረብጣትም?»

«ይጎረብጣታል እንጂ» አለች፤ ፀጉሬን ሳበችው።

ጋሼ ፍቅረ ሥላሴ በግቢያቸው ጥግ የዶሮ ቤት ያድሳል። ሰምቶን ይሆናል፤ መዶሻው ቆመ። ወደሱ ዞሬ፣

«ጋሼ፣ እርስዎ ለምን አላዩትም?» አልኩት።

«እኔ በቤቴ በነጻ አየዋለሁ» አለና መምታቱን ቀጠለ። እትዬ ስርጉት አንድ ነገር መለሰችለት፤ እሱም መለሰ፤ ፀጉሬ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ሳይሠራ ለብዙ ጊዜ ቆየሁ።

ፊልሙን ያየሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ጭኖት በስልኬ አገኘሁት። ባዶ ሰሃን የምታቀርብ ሴት የለችበትም። ደብዳቤ ፍራሽ ሥር የምትደብቅም የለችም። አንደኛዋ ሱቅ አላት፣ ሁለተኛዋ ልጅ አጥታ ታለቅሳለች። ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ፈለግሁ። እናቴና እትዬ ስርጉት የነገሩኝ የየራሳቸውን ቤት ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ደብተሬ ላይ የነበረኝ እሱ ነው፤ ከእሱ የጎደለውም መጨረሻው ብቻ ነበር።

ቅዳሜ አባቴ መጣ። እንደወትሮው ኮቱን በር ላይ ሰቀለ፣ እንደወትሮው «ደኅና ሰነበታችሁ?» አለ፣ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። እሑድ ጠዋት መስታወቱን አጥሩ ላይ አቁሞ ጢሙን ሲላጭ ደብተሬን ይዤ አጠገቡ ቆምኩና ከክፍል አንድ ጀምሬ አነበብኩለት። የባዶ ሰሃኑ ጋ ስደርስ መላጫውን ውኃው ውስጥ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አጠበው። እኔም ቀጠልኩ።

«ከዚያ የሦስተኛዋ ሴት ባል ከሥራ መጥቶ ከቤቱ ፊት ለፊት መኪናውን አቁሞ፣ አልወርድም ብሎ፣ መስኮቱን ዝም ብሎ ሲያይ… መብራት ጠፋ። መጨረሻውን ማንም አያውቅም።»

«ይወርዳል» አለ አባቴ።

«ማን?»

«ሰውየው። ከመኪናው ይወርዳል።» ግማሽ ፊቱ ሳሙና ነው፤ የሚያየው መስታወቱን ነው። «ወርዶ በሩን ያንኳኳል። የገዛ በሩን፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ።»

«ታዲያ ከፈተችለት?»

«ከፈተችለት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አለቀ።»

ያን ያህል የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ቢቸና ሁሉ ያጣውን ነገር አባቴ ይዞት ኖሯል። ጽፌ እንኳ አልጨረስኩም፤ እናቴና እትዬ ስርጉት በረንዳው ላይ ለምሳ ምስር እየለቀሙ ስለነበር ሮጥኩ።

«መጨረሻውን አወቅሁት» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መኪናውን፣ ማንኳኳቱን፣ ቁልፉን፣ መክፈቷን።

«ማን ነገረሽ?» አለች እትዬ ስርጉት።

«አባዬ።»

የእትዬ ስርጉት ጣት ሰፌዱ ላይ ቆመ። እናቴን አየቻት። እናቴ አንዲት ጠጠር አነሣች፣ አየቻት፣ ወደ ግቢው ወረወረቻት።

«ሞጣ ቅዳሜና እሑድ ነው አይደል የታየው?» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«ባለ ፊልሙ እንደዚያ ነው ያለው።»

«እሺ» አለች እናቴ። ምስሩን መልቀሟን ቀጠለች፤ ግን አሁን ጠጠሩንም ምስሩንም አንድ ላይ እየገፋችው እንደሆነ አየሁ።

ልቤ ደነገጠ። መጨረሻውን ገና ሳታየው ነግሬባት እንዳበላሸሁባት ገባኝ። አንገቷን አቀፍኳት። «እማዬ፣ መጨረሻውን ስላበላሸሁብሽ ይቅርታ።»

ወደ ራሷ ሳበችኝ፤ እጇ ምስር ምስር ይሸታል። «አንቺ አላበላሸሽውም» አለችኝ።

ምሳ ላይ እናቴ ወጥ በጭልፋ ይዛ አባቴ ፊት ቆመች። «ልጨምርልዎት?» አለችው።

አባቴ ቀና አለ። ከዚያ በፊት «አንተ» ስትለው እንጂ «እርስዎ» ስትለው ሰምቼ አላውቅም። እኔ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ሴት አያቴ ወንድ አያቴን የምትጠራው እንደዚህ ነው፤ ትልቅ ሰዎች ሲከባበሩ እንዲህ ይባባላሉ። ፊልሙ አስተምሯቸዋል ማለት ነው ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አባቴ «ይበቃኛል» አለ፤ ያን ቀን ቴሌቪዥኑን አልከፈተም። በጊዜ ወደ መናኸሪያ ወረደ።

በማግስቱ እትዬ ስርጉት ከሥራ ስትመለስ እኛ ቤት ገብታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታወራ ከጓዳ ሰማሁ። «መስክ ነኝ ብሎ ፊልም ሲያይ ከዋለ ሴት ይዟል ማለት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» እኔ ግን ይህ ምን እንደሚያነጋግር አልገባኝም። አባቴ መንገድ ሲያሻግረኝ እጄን ይይዘኛል፤ እኔም ሴት ነኝ። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ እትዬ ስርጉት ይህን በምሥጢር ማውራቷ ነው።

ሐሙስ እናቴ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወሰደች። የፋሲካ ቀሚሷን ለበሰች፣ የወርቅ ጉትቻዋን አደረገች፣ ጫማዋን ሁለት ጊዜ ወለወለች። «ሞጣ እንሄዳለን» አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም፤ አውቄው ነበር። ሞጣ መብራት አይጠፋም። መጨረሻውን በዓይናችን ልናየው ነው። ደብተሬን ያዝኩ። እንዲያ የለበሰችው ለፊልሙ አለመሆኑን፣ ከዚያች ከማታውቃት ሴት እንዳታንስ መሆኑን የተረዳሁት እኔም ትልቅ ሰው ሆኜ፣ አንድ ቀን ለተመሳሳይ ነገር መስታወት ፊት ስቆም ነው።

ያኔ መንገዱ ጠጠር ነበር። አቧራው በአውቶቡሱ ወለል በኩል ይገባል። ደብረ ወርቅ ላይ ሸንኮራ በመስኮት ገዛችልኝ፤ እሷ ግን አልቀመሰችም። ጉንደ ወይንን እስክናልፍ መሐረቧን አፏ ላይ ይዛ ነበር። መኪና አሟት መሰለኝ። «እማዬ፣ ልታስመልሺ ነው?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

አባቴ የተከራየው ክፍል እማማ ወለተ ገብርኤል የሚባሉ አሮጊት ግቢ ውስጥ ነበር። እማማ በር ላይ ቁጭ ብለው ጥጥ ይፈትላሉ።

«የበላቸው ሚስት ነኝ፤ ልጁም ይህች ናት» አለቻቸው እናቴ።

እማማ እንዝርታቸውን አስቀመጡና ቀና ብለው አዩን። «ሚስት እንዳለው ነግሮኝ ነበር» አሉ። «አላመንኩትም እንጂ።»

«ለምን አላመኑትም?»

«ሚስት ያለው ሰው እንዲህ ብቻውን አይሆንም ብዬ ነዋ። ከሥራ ይመጣል፣ በሩን ይዘጋል። ሰው አይመጣበት፣ እሱም ሰው ዘንድ አይሄድ። ሰሞኑን ፊልም መጥቶ ቅዳሜም እሑድም ሲወጣ አየሁት፤ ‹እሰይ ልጄ፣ ከሰው ተቀላቀል› አልኩት። ብቻውን ሄዶ ብቻውን መጣ።»

«ብቻውን» አለች እናቴ።

«ብቻውን። ምነው ልጄ፣ ተቀመጪ እንጂ፤ ፊትሽ ልክ አይደለም።»

ቁልፉን ሰጡን። ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሰሃን፣ አንድ ብርጭቆ ነበር። ሁሉም አንድ አንድ መሆኑ ደስ አለኝ፤ የአሻንጉሊት ቤት ይመስላል። እናቴ ትራሱን አንሥታ አሸተተች። ሳጥኑን ከፈተች፣ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፣ መልሳ አጠፈቻቸው። አልጋው ሥር ጎንበስ አለች። የጠፋ ነገር የምትፈልግ ስለመሰለኝ እኔም ጎንበስ ብዬ አገዝኳት። ምንም አልነበረም። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ጉትቻዋን አወለቀችና ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው።

አባቴ ሲመጣ የገዛ በሩ ላይ ቆመ።

«ብቻህን ነህ?» አለችው። «አንተ» ማለቷን ልብ አልኩ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ያን ቅዳሜ ለምን አልመጣህም?»

«መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ነበር» አለ አባቴ። «ተሳፍሬም ነበር። ከዚያ ወረድኩ።»

«ለምን?»

«አላውቅም አምሳል። እዚያ ስደርስ የምንባባለውን አሰብኩ። ምንም አልመጣልኝ አለ።»

«ሴት ብትኖር የምለውን አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት» አለች እናቴ። «ከቢቸና እስከዚህ ድረስ ስለው ነው የመጣሁ።»

«የለችም።»

«አይቻለሁ።»

ከዚያ አለቀሰች፤ አባቴም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አያት። ማንም አልጮኸም። እኔ ከዚህ የበለጠ ሰላም አላውቅም ነበርና ታረቁ ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ ቀኑንም ከሥሩ አደረግሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴን ስለዚያ ቀን ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፤ «ከሴት ጋር ልጣላ ነበር የሄድኩት። ከአንድ ወንበርና ከአንድ ብርጭቆ ጋር ምን ብዬ ልጣላ?»

አባቴ ቅዳሜ መምጣቱን ቀጠለ፤ በኋላ በአሥራ አምስት ቀን፣ በኋላ ለበዓል። አራተኛ ክፍልን ስጨርስ ሽማግሌዎች ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጠው «ምን በደለሽ?» ሲሏት «ምንም» አለች፤ እሱንም ሲጠይቁት «ምንም» አለ። ግራ ገባቸው፤ የሚያስታርቁበት ነገር አጡ። ከስድስቱ ቤቶች የፈረሰው የእኛ ሆነ። የእነ እትዬ ስርጉት ይፈርሳል ብዬ ስንት ጊዜ ጠብቄ ነበር። እትዬ ስርጉት በዚያው ዓመት ባሕር ዳር ገባች፤ ሻንጣዋን ተሸክሞ መናኸሪያ ያደረሳት ጋሼ ፍቅረ ሥላሴ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ሻንጣው አያያዝ ሲጨቃጨቁ ሰው ሁሉ ሰማቸው። አሁንም አብረው አሉ። ባለፈው በዓል ቢቸና ሄጄ በግድግዳው በኩል ስለ ስኳር ሲነታረኩ ሰምቼ እንቅልፌ ጥሩ ሆነ።

እኔ አሁን ደብረ ማርቆስ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ፊልሙን በስልኬ ያየሁ ጊዜ ሰውየው ከመኪናው አይወርድም። ሞተሩን አስነሥቶ ይሄዳል፤ በዚያ ያልቃል። አባቴ ለልጅ ብሎ እንደቀየረው ገመትኩ። ዘንድሮ ጥር ላይ ሞጣ ሄጄ ሳገኘው ግን ጠየቅሁት። ጡረታ ወጥቷል፤ የራሱን ትንሽ ቤት ሠርቷል፤ አሁን ሁለት ወንበር አለው። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነበር።

«መጨረሻውን ለምን ቀየርከው?» አልኩት።

«የምኑን?»

«የዚያን ፊልም። ይወርዳል፣ ያንኳኳል ብለኸኝ ነበር።»

«አልቀየርኩትም» አለ። «አላየሁትም። ቅዳሜ መኪናውን ሲያቆም ተነሥቼ ወጣሁ። እሑድ ደግሞ ዛሬስ እስከ መጨረሻው እቀመጣለሁ ብዬ ተመልሼ ገባሁ። እዚያው ጋ ሲደርስ ወጣሁ።»

«ታዲያ የነገርከኝ?»

«ጠየቅሽኝ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ሆነ ለመሆኑ?»

«አይወርድም። መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል።»

«እሷስ?»

«እሷን አያሳይም።»

«አያሳይም?» አለ አባቴ። «ማሳየት ነበረበት።»

ወደ መናኸሪያ ሸኘኝ። የምሳፈርበት መኪና ገና አልሞላም፤ ረዳቱ ይጣራል። አባቴ ቦርሳዬን ይዞ ቆሞ፣ ከተለያዩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እናቴ ጠየቀኝ። ደኅና ናት ወይ አላለም። ማታ ማታ፣ የተማሪዎቹን ደብተር አርማ ስትጨርስ፣ ምን ታደርጋለች አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ክንዷን አንተርሳ ሬዲዮ እንደምትሰማ፣ የወደደችው ነገር ሲተላለፍ ለብቻዋ እንደምትስቅ ነገርኩት። «ትስቃለች?» አለ። «እንዴት ነው የምትስቀው?» መኪናው እስኪሞላ ድረስ ጊዜ ነበረን፤ ነገርኩት።